ለእሽቅድምድምም ለሽርሽርም

ኅዳር ሲገባ በሜሪላንድ የአናፖሊስ ወደብ ባለሸራ ጀልባዎች ተራ በተራ ከውኃ ይወጣሉ። ክሬን እያነሳ የብስ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሞተሩ ውስጥ የቀረው ውኃ በረዶ ሆኖ ብረቱን እንዳይሰነጥቀው ፀረ በረዶ ፈሳሽ ይሞላበታል፤ ሸራውም ታጥፎ መጋዘን ይገባል። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው እሑድ እሑድ ጣታቸው እየደነዘዘ ለሚወዳደሩ ጥቂት ደፋሮች ነው። የቀሩት የጀልባ ክለብ አባላት ካርታ ዘርግተው ወደ ደቡብ ያያሉ። ዓይናቸው ደጋግሞ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ በካሪቢያን ባሕር ያሉት የብሪታኒያ ቨርጂን ደሴቶች ናቸው።

ወደዚያ የሚስባቸው ነፋሱ ነው። በብርዱ ወራት የንግድ ነፋስ የሚባለው ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ከ15 እስከ 20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ28 እስከ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቀን ከቀን ይነፍሳል። ዋናዋ ደሴት ቶርቶላ በአንድ በኩል፣ እነ ኖርማንና ፒተር ደሴት በሌላ በኩል ሆነው በመካከላቸው የሰር ፍራንሲስ ድሬክ መተላለፊያ ይገኛል። ደሴቶቹ የውቅያኖሱን ማዕበል ስለሚገቱ መተላለፊያው ውስጥ ነፋሱ ሙሉ ሆኖ ውኃው ግን ልከኛ ነው። ቀጣዩ ማረፊያ አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ስለሚታይ ለጀማሪ ቡድን ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ማግኘት ይከብዳል።

ወሩን መምረጥ ግን ሥራ ነው። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 6 ቀን 2017 ኢርማ የተባለው ደረጃ 5 አውሎ ነፋስ ደሴቶቹን ሲመታ እጅግ ብዙ የኪራይ ጀልባዎችን አንዱን በሌላው ላይ ከምሮ ነው ያለፈው። ስለዚህ ብዙ ክለቦች ከታኅሣሥ በፊት ለመሄድ አያስቡም። ታኅሣሥና ጥርም ቢሆኑ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፦ የገና ነፋስ የሚሉት ለቀናት ሳያቋርጥ 25 ኖትና ከዚያ በላይ ሊነፍስ ይችላል። በሰሜን አትላንቲክ የሚነሳው የክረምት ወጀብም ረጃጅም ማዕበል ይልካል፤ ያን ጊዜ ወደ ሰሜን የተከፈቱ ወሽመጦች ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳሉ። ግዙፍ የግራናይት ቋጥኞች ውኃ ዳር ተከምረው የሚታዩበት የቨርጂን ጎርዳ ደሴት ዝነኛ ዳርቻም ለዋናተኛ አደገኛ ይሆናል። ብዙ አዲስ ሰው ይዞ የሚሄድ ክለብ መጋቢትን ወይም ሚያዝያን ቢመርጥ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ጀልባው እዚያው ይከራያል። አከራዩ ካፒቴን ሳይጨምር ስለሚያስረክብ ከቡድኑ አንዱ ልምዱን በጽሑፍ አቅርቦ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ከጨለመ በኋላ መጓዝን ይከለክላል። በሰሜን በኩል ወዳለችው ወደ አኔጋዳ መሄድም ብዙ ጊዜ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። አኔጋዳ ከሌሎቹ ተራራማ ደሴቶች በተለየ የኮራል ጠፍጣፋ ናት፤ ከፍተኛ ቦታዋ ከባሕር ጠለል 10 ሜትር አይሞላም። መርከበኛው ደሴቲቱን ከማየቱ በፊት የኮራሉ አለት ሊያገኘው ይችላል፤ በዙሪያዋ የተሰበሩት መርከቦች በመቶ የሚቆጠሩትም ለዚህ ነው።

የዝግጅቱ ዋና ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በጉዞው ላይ የክለቡ ጀልባዎች እርስ በርስ ይወዳደራሉ፤ በአንድ ክለብ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ አንዱ መቅደም ይፈልጋል፣ ሌላው መዝናናት። ጠቡ የሚነሳው በክብደት ነው። ተወዳዳሪው ጀልባው እንዲቀልለት ይፈልጋል፤ ተዝናኚው ሳምንት የሚያኖር ስንቅ ይጭናል። 500 ሊትር ንጹሕ ውኃ ግማሽ ቶን ነው። ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ያ ግማሽ ቶን በግልጽ ይታወቃል። ቀድሞ ያልተነጋገረ ክለብ በሦስተኛው ቀን ሻወር የወሰደና ያልወሰደ ተባብሎ ይኮራረፋል። ፍትሐዊው መንገድ ሁሉም ጀልባ ጋኑን ሞልቶ እንዲነሳ መወሰን ነው። ጀልባዎቹ በመጠን ከተለያዩ ደግሞ ለእያንዳንዱ የጊዜ ማካካሻ ይሰላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የገባው ሁልጊዜ አሸናፊ አይደለም።

ለአዲሱ አባል ውድድሩን ማስረዳት የሚጀመረው ጀልባ ወደ ነፋሱ ምንጭ እንዴት እንደሚሄድ በማሳየት ነው። ሸራ ነፋስ የሚሞላው ጆንያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጀልባ መሄድ የሚችለው ወደተነፋበት ብቻ ነበር። ሸራው ጎበጥ ብሎ ሲወጠር ነፋሱ በሁለቱም ገጽ ያልፋል፤ በጎበጠው በኩል ግፊቱ ስለሚቀንስ ጀልባው ወደዚያ ይሳባል። ከሥር ያለው ከባድ ክንፍ በጎን መንሸራተትን ስለሚከለክል የተረፈው ጉልበት ወደ ፊት ይገፋል። ይህም ወሰን አለው፤ ከነፋሱ አቅጣጫ ከ45 ዲግሪ ገደማ በታች ከቀረቡ ሸራው ይርገበገባል፣ ጀልባው ይቆማል። ስለዚህ ወደ ነፋሱ የሚሄድ ሁሉ በዚግዛግ ይጓዛል፤ ከቀኝና ከግራ የቱን መስመር መቼ መያዝ እንዳለበት ማወቅ ነው ጥበቡ።

መነሻው በዳኞች ጀልባና በአንድ ተንሳፋፊ ምልክት መካከል ያለ በሐሳብ የተሰመረ መስመር ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀር ባንዲራ ይሰቀላል፣ ድምፅም ይሰማል፤ አራት ሲቀርም እንዲሁ፤ አንድ ሲቀር ደግሞ ሁለተኛው ባንዲራ ይወርዳል፣ ድምፅም ይሰማል። ቆሞ መጠበቅ ስለማይቻል ሁሉም እየተሽከረከረ ሰዓቱን ይቆጥራል። መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ተመልሶ እንደገና ይነሳል። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋስን በቀኝ ጎኑ የተቀበለው ቅድሚያ አለው፤ በግራ የተቀበለው ይለቅለታል። ይህችን አንዲት ሕግ ሳያውቅ መሪ የሚጨብጥ ሰው አይኑር።

ውድድሩን የሚያሳጥር አንድ ተራ ነገርም አለ። በታወቁት ወሽመጦች የተተከሉት የጀልባ ማሰሪያ ተንሳፋፊዎች (ቡዮች) በብርዱ ወራት ቀትር ሳያልፍ ይያዛሉ። እስከ አሥር ሰዓት የሚወዳደር ክለብ መልህቅ የሚጥልበት አሸዋ ፍለጋ ሲዞር ሊመሽበት ነው። ልምድ ያላቸው ጠዋት አጭር ውድድር አድርገው፣ መጨረሻውን ከማደሪያው ወሽመጥ አፍ ላይ ያደርጉታል።

ምግቡም ከወዲሁ ተጽፎ ይያዝ። መጋቢት ማለት ለኦርቶዶክስ አባል ዐቢይ ጾም ነው፤ ምስርና ሽሮ ቦታ አይዙም፣ ማቀዝቀዣም አይፈልጉም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልገባበትም፤ የአኔጋዳ ዝነኛ ሎብስተር ግን እንደ ዓሣ ክንፍና ቅርፊት የለውምና የፋሲካ ዕለትም ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወሰደው ከመነሳት በፊት ነው፤ ማጥወልወል ከጀመረ በኋላ ብዙ አይረዳም። መገበያያው የአሜሪካ ዶላር ቢሆንም ግዛቱ የብሪታኒያ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የሌለው አባል የመግቢያ ሕጉን ከወራት በፊት ያጣራ።

ጀልባ ስለሌላችሁ ይህ ዓለም የማይመለከታችሁ አይምሰላችሁ። ዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ ከሆነ አናፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ በበጋ ረቡዕ ማታ ወደቡ ላይ የሚደረገውን ውድድር ቆሞ ማየት ነፃ ነው። ሰው የሚጎድለው ካፒቴንም ብዙ ነው። ገመድ ለመሳብ ፈቃደኛ ነኝ በሉ፤ የክረምቱ ጉዞ ቡድን የሚሰባሰበው በበጋ አብረው ከሠሩት ሰዎች ነው።