የበዓሉ ጌጥና የሕፃኑ እጅ

ዓመት በዓል ሲቃረብ ቤት ሁሉ ልብስ ይለውጣል። መጋረጃው ይታጠባል፤ ተጣጥፎ የከረመው ዳንቴል ከሣጥን ወጥቶ በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ረከቦቱ ከነስኒው ይቀርባል። በዓሉ ገና ከሆነም ባንድ ማዕዘን ጥድ ይቆማል፤ በጥዱም ላይ ጥጥና ባለቀለም አምፖል ይንጠለጠላል። እንግዳውም ከደጅ ሲገባ «እሰይ፥ እንዴት ያምራል!» ይላል።

ነገር ግን ይህን ጌጥ ከእንግዳው አስቀድሞ የሚያየው፥ አይቶም ዝም የማይል አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ አለ። እሱም ገና ዳዴ የሚለው ወይም አዲስ እግር ያወጣው ሕፃን ነው። ትልቅ ሰው ጌጥን በዓይኑ ያያል፤ ሕፃን ግን በእጁና በአፉ ያያል። ያበራውን ሊጨብጥ፥ የተንጠለጠለውን ሊስብ፥ የወደቀውን ሊቀምስ ይፈልጋል። ይህም ጥፋት አይደለም፤ ዓለምን የሚማርበት መንገዱ ነው። ጥፋቱ የሚሆነው እኛ ቤቱን ስናስጌጥ እሱን የረሳነው እንደሆነ ነው።

የአገራችን የበዓል ውበት ደግሞ ከግድግዳው ይልቅ በወለሉ ላይ ነው። ቄጠማው በወለል፥ ረከቦቱ በወለል፥ ማንደጃው በወለል፥ የዕጣን ማጨሻውም በወለል ነው። መሶቡም ቢሆን ከወለል እምብዛም አይርቅም። ወለል ግን የሕፃን ግዛት ነው። ከውጭ አገር በሚመጣው የጌጥ ካርቶን ላይ የታተመው ምክር ስለ ዛፍና ስለ አምፖል ይናገር ይሆናል እንጂ ስለ ጀበናና ስለ ፍም የሚለው ነገር የለም። ይህን ማሰብ የእኛ ፋንታ ነው።

ተንበርክኮ መመልከት

ቤቱ አጊጦ ካለቀ በኋላ፥ እንግዳም ሳይገባ፥ አምስት ደቂቃ የምትፈጅ አንዲት ሥራ አለች። ይኸውም በጕልበት ተንበርክኮ ቤቱን በሕፃኑ ቁመት መመልከት ነው። የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ክንዱን ወደ ላይ ሲዘረጋ ግን ወደ 1 ሜትር ይጠጋል። በርጩማ ካገኘማ ከዚያም ያልፋል።

ከዚያ ዝቅታ ሲታይ ቤቱ ሌላ ቤት ነው። ከጠረጴዛው ጠርዝ የሚወርደው ዳንቴል ለእኛ ጌጥ ሲሆን ለሕፃኑ ስቦ የሚነሣበት ገመድ ነው። በጠረጴዛው ላይ ሻማ ወይም ትኩስ ሻይ ካለ፥ ዳንቴሉ ሲሳብ የሚወርደው በፊቱ ላይ ነው። ከመስኮት የተንጠለጠለው ሪባንም ለእኛ ማሳመሪያ ሲሆን ለሕፃኑ አንገት ማነቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዳንቴሉን ወደ ውስጥ ማጠፍ፤ ሻማና መስታወትን ከ1 ሜትር ተኩል በላይ በሆነ መደርደሪያ ማኖር፤ ክርና ሪባንንም አሳጥሮ ወደ ላይ ማሰር ይገባል። ከመደርደሪያው ሥር ወንበር አለመተውም የዚሁ ጥንቃቄ ክፍል ነው።

ቄጠማና ፍም

ቄጠማ ርጥብ ሳለ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ በዚህም ምክንያት ማንደጃውን በመሀሉ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ነገር ግን ጧት የተጎዘጎዘው ቄጠማ ከፍሙ አጠገብ ሲውል ወደ ማታ ደርቆ እንደ ጭድ ይሆናል። ሁለተኛም ጠባይ አለው፤ ይሸፍናል። የወደቀ እስፒል፥ የስኒ ስባሪ፥ ከማጨሻው የተፈናጠረ ፍም ከሥሩ ተደብቀው ይቀራሉ። ትልቅ ሰው በጫማው ረግጦ ያልፋቸዋል፤ ሕፃኑ ግን በመዳፉና በጕልበቱ ያገኛቸዋል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከመጎዝጎዝ በፊት ወለሉን በደንብ መጥረግ፤ በማንደጃው ዙሪያ 1 ሜትር ያህል ቄጠማ የሌለበት ቦታ መተው፤ ማንደጃውን በሰፊ የብረት ትሪ ላይ ማኖር፤ ቡና የሚፈላበትንም ስፍራ በማዕዘን አድርጎ፥ አፍይዋ ከፊት እንድትቀመጥና ሕፃኑ ከኋላ መግቢያ እንዳያገኝ ማድረግ ነው። የደረቀውን ቄጠማ ሳያሳድሩ ጠርጎ ማውጣት ነው።

ከፍሙ ይልቅ ግን ብዙ ጊዜ የማይፈራው የፈላው ውሃ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው። የሰውን ቆዳ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ አክፍቶ ለማቃጠል ግን 60 ዲግሪ ይበቃል፤ የሕፃን ቆዳ ደግሞ ከትልቅ ሰው ይሳሳልና ፈጥኖ ይጎዳል። ጀበና ቂጡ ክብ ነው፤ ያለ ማቶት በቄጠማ ላይ ቢያኖሩት ይገለበጣል። ሕፃን በጭን ላይ ይዞ ቡና መቅዳት፥ በሕፃን ራስ ላይ ትኩስ ነገር አሳልፎ ማቀበልም ፈጽሞ አይገባም።

በአንድ ክፍል ለሚኖር ወጣት ባለትዳር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ሕፃን ከትልቅ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጋዙ በፍጥነት ይጎዳዋል። ከሰል ሲነድ መስኮት መከፈት አለበት፤ ማታም ለሙቀት ተብሎ ፍሙን ከሚተኙበት ክፍል ማሳደር አይገባም። ራስ ምታትና ማስመለስ የቤቱን ሰው ሁሉ ባንድነት ሲይዘው «ምግቡ ይሆናል» ብሎ ከመተኛት ይልቅ ሁሉም ወደ ደጅ ወጥቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባዋል።

ጥድና አምፖል

የገና ዛፍ ከአውሮጳ የመጣ ልማድ ነው። ቀድሞ የሚበራው በእውነተኛ ሻማ ነበር፤ ብዙ ቤትም አቃጥሏል። የዝነኛው የኤዲሰን የሥራ ባልደረባ ኤድዋርድ ጆንሰን በኒው ዮርክ ከተማ የቤቱን ዛፍ በኤሌክትሪክ አምፖሎች ያበራው በ1882 በአውሮጳ አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ ሻማን በዛፍ ላይ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

በእኛ ቤት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ከደጅ የተቆረጠ የጥድ ቅርንጫፍ ነው። ጥድ ሙጫ ያለው እንጨት ነውና ከደረቀ በኋላ እንደ ችቦ ይነዳል። በረዶ እንዲመስል የሚበተንበት ጥጥም ለእሳት እጅግ ቅርብ ነው። ስለዚህ ጥዱን ውሃ ባለው ባልዲ ማቆም፤ ከማንደጃና ከሻማ ማራቅ፤ ቅጠሉ ሲነካ መርገፍ ከጀመረም በዓሉ አላለፈም ሳይሉ ማውጣት ይሻላል። ሕፃን ሲስበው እንዳይወድቅበትም ግንዱን በግድግዳ ላይ ካለ ጠንካራ ሚስማር ጋራ ማሰር ይገባል።

ስለ አምፖሉም ጥቂት እንበል። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ሽቦው የተላጠውን፥ በስኮች የተጠገነውን፥ ሶኬቱ የሚሞቀውን መብራት ዋጋው ሳያሳሳን መጣል ነው። ሽቦውን በርጥብ ቄጠማ ሥር ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ እየተረገጠ ይላጣልና። ሶኬቱና ማከፋፈያው ከሕፃኑ እጅ የራቁ ይሁኑ፤ ቤተሰቡ ሲተኛ ወይም ሲወጣም መብራቱ ይነቀል።

በገበያ የተሸጠ ጌጥ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ማመንም አይገባም። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በአውሮጳ አቆጣጠር በአሜሪካ የገና በረዶ ተብሎ ይሸጥ የነበረው ነጭ ብናኝ አስቤስቶስ ነበር፤ ይህም ሳንባን የሚገድል ማዕድን ነው። በጥድ ላይ ይንጠለጠል የነበረው አንጸባራቂ ክርም እርሳስ ከሚባለው መርዘኛ ብረት ይሠራ ነበር፤ የቀረውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። የገዙት ሰዎች ልጆቻቸውን የሚጠሉ አልነበሩም፤ ጌጡ አምሮ ስለታያቸው ነው።

ትንንሽ ነገሮች

ሕፃንን የሚያንቀው ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ጌጥ ነው። 3 ዓመት ላልሞላው ልጅ መለኪያው በየቤቱ ይገኛል፤ የመጸዳጃ ወረቀት የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ነው። በዚያ ቱቦ የሚያልፍ ጌጥ ሁሉ በሕፃኑ ጕሮሮ ሊሰነቀር ይችላል፤ ዶቃውም፥ ትንሹ ኳስም፥ ከዛፉ የወለቀው አምፖልም እንደዚሁ።

ፊኛ ደግሞ ከሁሉ የሚያታልል ነው። ሲፈነዳ የሚቀረው የጎማ ቍራጭ በጕሮሮ ላይ ተለጥፎ አየር ይዘጋል፤ ለስላሳ ስለሆነም ለማውጣት ያስቸግራል። በአሜሪካና በአውሮጳ 8 ዓመት ላልሞላው ልጅ አደገኛ መሆኑ በፊኛው ማሸጊያ ላይ እንዲታተም ሕግ ያስገድዳል። ፊኛ የሚሰቀል ከሆነ ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ የፈነዳውም ወዲያው ይለቀም።

በዘፋኝ የበዓል ካርድ፥ በትንንሽ መብራቶችና በሰው ሠራሽ ሻማ ውስጥ የሚገኘው፥ እንደ ሸሚዝ ቍልፍ ክብ የሆነው ባትሪ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ሕፃን ሲውጠው በጕሮሮው ቱቦ ይሰነቀራል፤ ከምራቁ ጋራ ሲገናኝ ኤሌክትሪኩ ሥጋ የሚያቃጥል ፈሳሽ ይፈጥራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥም ቱቦውን ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። አሜሪካ በ2022 በአውሮጳ አቆጣጠር ባወጣችው ሕግ የዚህ ዓይነት ባትሪ ማኖሪያ ሕፃን በቀላሉ እንዳይከፍተው ሆኖ እንዲሠራ አዛለች። ክዳኑ በጥፍር የሚከፈተውን ዕቃ እኛም ሕፃን ወዳለበት ቤት ባናስገባው መልካም ነው።

ቀሚስና ችቦ

የበዓል ልብስም ጌጥ ነው። የአገር ባህል ቀሚስ ከስስ ጥጥ የተሸመነና ሰፊ በመሆኑ እሳት ቢነካው ወዲያው ወደ ላይ ይወጣል። ትንሿ ልጅ በቀሚሷ ተሽከርክራ ስትጨፍር ጫፉ ማንደጃው ዘንድ ሊደርስ እንደሚችል አይታወቃትም። በመስቀል ዋዜማና በቡሄ ምሽት ችቦ ሲበራም ትንንሾቹ በትልቅ ሰው እጅ ተይዘው ከነፋሱ በስተኋላ ይቁሙ፤ ችቦውን ግን ራሳቸው አይያዙ። ልብስ ቢቀጣጠል መሮጥ እሳቱን ያባብሳል፤ ልጁን አስተኝቶ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ማፈን ነው።

አደጋ ቢደርስ

ለቃጠሎ፦ የተቃጠለውን ስፍራ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ማኖር፤ ያልተጣበቀውን ልብስ ማውለቅ፤ የቀረውን ገላ ከብርድ መጠበቅ፤ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ። ቅቤ፥ እንቁላል፥ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን በውስጥ ያስቀራል፤ ቁስሉንም ያቆሽሻል። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ለታነቀ ልጅ፦ ማሳልም መጮኽም ካልቻለ፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ 5 ጊዜ መምታት። ካልወጣለት፥ ዓመት ያልሞላውን አገላብጦ ደረቱን በመሀሉ 5 ጊዜ መጫን፤ ዓመት ያለፈውን ግን ከኋላ አቅፎ ከእንብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣም እያፈራረቁ መቀጠል። ያላዩትን ነገር በጣት መፈለግ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ባትሪ ለዋጠ፦ ምልክት ሳይጠብቁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥና ራጅ እንዲነሣ መጠየቅ። እንዲያስመልስ ማድረግ አይገባም። ዓመት ላለፈው ልጅ በመንገድ ላይ ሳሉ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፥ እስከ 6 ጊዜ፥ መስጠት ጉዳቱን ያቀዘቅዛል፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማር ክልክል ነው። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939፥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን በግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ ራሱ አንድ የበዓል ጌጥ ነው።

ተረኛው

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ነገር ይቀራል። በበዓል ቀን ቤቱ በሰው ይሞላል፤ እናት ወጥ ቤት ናት፤ አባት እንግዳ ይቀበላል፤ አክስት ቡና ታፈላለች። እያንዳንዱም ሕፃኑን ሌላው የሚያየው ይመስለዋል። ልጅ የሁሉ ነው ሲባል ለጊዜው የማንም ሳይሆን ይቀራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፥ ተራ መመደብ ይገባል፤ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው በስም ተጠርቶ «አሁን ተረኛው አንተ ነህ» ይባል፤ ተረኛውም ስልኩን አስቀምጦ ዓይኑን ከሕፃኑ አይንቀል።

ለበዓል ወደ ወላጆቹ ቤት የተመለሰ ተማሪ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን ዕውቀት ከንግግር ይልቅ ለትንሽ እኅቱ ተረኛ በመሆን ቢያሳይ ቤተሰቡ ያመሰግነዋል። ከእሷም ጋራ ተቀምጦ በሷ እጅ ሊነካ የሚችል ጌጥ ቢሠራ ደግሞ የበለጠ ነው። ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚስሉት ዓይነት የአበባ ሥዕል፥ በሊጥ የተጣበቀ የወረቀት ሰንሰለት፥ ከረዘመ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አደይ አበባ፥ እነዚህ ገንዘብም አይፈጁም፤ ማንንም አያቃጥሉም።

ሕፃን በበዓል ቀን «ተው፥ አትንካ!» የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ከዋለ በዓሉ የትልልቆቹ ብቻ ሆኗል ማለት ነው። የሚጎዳው ነገር ከእጁ ርቆ፥ የማይጎዳው ለእጁ ከቀረበ ግን በዓሉ የእሱም ይሆናል፤ እኛም ቡናችንን ተረጋግተን እንጠጣለን።