«ልጁ ድኗል፣ ለምን ይመለሳል?»

የዛሬው ደብዳቤ ስለ ቅናት ወይም ስለ ቃል ኪዳን ማፍረስ አይደለም። የትዳር ጣጣ ግን አለበት፤ አማትም አለችበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ነፍስ አለበት። ስለዚህ ሌሎቹን ደብዳቤዎች ለሚቀጥለው አሳድረን ለዚህ ሰፊ ቦታ ሰጥተነዋል።

ደብዳቤው የመጣው ከሰንበቴ ነው። ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ከሚሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችው፣ እሁድ እሁድ ኦሮሞው፣ አፋሩና አማራው የሚገበያዩባት ከተማ ናት። የጸሐፊዋን ስም እንደ ደንባችን አናወጣም። እንዲህ ትላለች፦

«ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ትኩሳት ጀመረው። ወባ ነው ተባለ፣ መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ትንሽ ተሻለው። ብዙም ሳይቆይ ተነሳበት፤ አሁንም ወባ ተባለ። በሦስተኛው እግሬን እግሬን እያለ መራመድ እምቢ አለ። ቁርጥማት ነው ተብሎ መርፌ ተወጋ። መርፌውን እንደተወጋ ሁለት ሳምንት እንደ ጥጃ ቦረቀ። ከዚያ ግን ፊቱ ነጣ፣ ድዱ ደማ፣ ሳይመታ ገላው በለዘ። ደሴ ወሰድነው፣ ከደሴ ጥቁር አንበሳ ላኩን። የደም ካንሰር ነው አሉኝ። አራት ወር ከታከመ በኋላ አሁን ቤት መጥተናል፤ ይበላል፣ ይሮጣል። ባለቤቴ ‹ልጁ ድኗል፣ ለምን ይመለሳል? አንዷ ላም ሄዳለች፣ ሁለተኛዋንም እንሽጣት ወይ?› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ደም የለም፣ አንቺ ነሽ ያመጣሽብን› ይሉኛል። እኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነኝ። የሚወለደውስ? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህታችን፣ ሌላውን ሁሉ ከማንበብሽ በፊት አንዱን ያዢ። ልጁን በቀጠሮው ቀን መልሺው። ቀጠሮው አልፎ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ። ይህን ካልን በኋላ ወደ አማትሽ ጥያቄ እንግባ። እውነቱን ለመናገር የእሳቸው ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። «ይህ ነገር ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ የሐኪሞቹም ሥራ ነው። ስህተቱ መልሱን ሳያገኙ ምራት ላይ መጣላቸው ነው።

ለመሆኑ ደም የት ነው የሚፈጠረው? አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። እዚያ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው ጨቅላ ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ገሚሱ ቀይ የደም ሕዋስ ሆኖ ኦክስጅን ይሸከማል፣ ገሚሱ ደም የሚያረጋ ይሆናል፣ ገሚሱም ነጭ የደም ሕዋስ ሆኖ ተዋጊ ይወጣዋል። ከተዋጊዎቹ መካከል ቢ ሴል የሚባለው አድጎ ሲጨርስ ፀረ እንግዳ አካል እያመረተ በሽታ የሚከላከልልን ነው። ክትባት ስናስከትብም አንዱ ተማሪያችን እሱ ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሕዋስ የሰውየውን ሙሉ የዘር መጽሐፍ ይዟል፤ የዓይኑንም የጉበቱንም የደሙንም። ሁሉም ገጽ ባንድ ጊዜ ቢነበብ ግን ጉድ ይፈላል። ስለዚህ አንዱን ገጽ የሚገልጡ፣ ሌላውን የሚከድኑ ፕሮቲኖች አሉ። ሳይንቲስቶቹ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይሏቸዋል። ስሙ ይረዝማል እንጂ ሥራው ይኸው ነው፤ መግለጥና መክደን። ለቢ ሴል ከእነዚህ አለቆች አንዱና ዋነኛው ፓክስ 5 ይባላል። ጨቅላውን ሕዋስ «አንተ ከዛሬ ጀምሮ ቢ ሴል ነህ፤ ሌላ ሙያ አይታሰብህ» ብሎ የሚያስምለው እሱ ነው። የቢ ሴሉን ገጾች ይገልጣል፣ የሌላውን ሁሉ ይከድናል።

ይህ ቃለ መሐላ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ቪየና ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1999 በአይጥ ላይ አሳይተዋል። ፓክስ 5 የሌላቸው ጨቅላ ሕዋሳት የቢ ሴልን መንገድ ጀምረው እንኳ አልጸኑበትም፤ እንደተሰጣቸው ምግብና ትእዛዝ ወደ ሌላ ዓይነት የደም ሕዋስ ዞሩ። አለቃ የሌለው ቤት በሉት።

አሁን ወደ ልጅሽ በሽታ መጣን። አጣዳፊው የሊምፍ ሉኪሚያ (በልጆች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ነው፤ በተለይ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባሉት ላይ) አብዛኛውን ጊዜ የቢ ሴል በሽታ ነው። በ2007፣ አሁንም በፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ሜምፊስ ያለው ሴንት ጁድ የተባለ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች የታማሚ ልጆችን የካንሰር ሕዋሳት ገልጠው ሲያዩ፣ የቢ ሴል ሉኪሚያ ካለባቸው ልጆች ሲሶ በሚጠጉት ላይ ፓክስ 5 ተበላሽቶ አገኙት። ብዙውን ጊዜ ከእናትና ከአባት ከሚመጡት ሁለት ቅጂዎች አንዱ ጎድሏል። አለቃው በግማሽ ጉልበት ነው የሚሠራው። በቀሩት ልጆች ላይ ሌሎች መሰል አለቆች ወይም ሌሎች ጂኖች ይበላሻሉ፤ የልጅሽ የትኛው እንደሆነ ልዩ ምርመራ ካልተደረገ አይታወቅም። ውጤቱ ግን ይመሳሰላል። ሕዋሱ ማደጉን ያቆማል። ጎርምሶ ይቀራል፤ ሥራ የለውም፣ አይሞትም፣ ይባዛል።

የልጅሽን ሕመም አሁን መልሰሽ ቁጠሪው። መቅኔው በእነዚህ ጎረምሶች ሲሞላ ቀይ ደም የሚሠራበት ቦታ ያጣል፤ ፊቱ ነጣ። ደም የሚያረጋው ያልቃል፤ ድዱ ደማ፣ ገላው በለዘ። ጤነኛው ተዋጊ ይመናመናል፤ ትኩሳቱ ተመላለሰ። አጥንቱ ከውስጥ ይወጠራል፤ እግሬን አለ። ከአንድ ምንጭ የተነሣ አራት በሽታ መስሎ ታየ ማለት ነው።

የአማትሽ መልስ እዚህ ላይ ነው። ፓክስ 5 የተበላሸው፣ ከተበላሸ፣ በልጁ አንድ የመቅኔ ሕዋስ ውስጥ ነው እንጂ በአንቺ ደም ወይም በአባቱ ደም ውስጥ አይደለም። ከዚያች አንዲት ሕዋስ የተራቡት ናቸው የታመሙት። በዘር የሚወረድ የፓክስ 5 ጉድለት ያለባቸው ቤተሰቦች መኖራቸው በ2013 ታውቋል፤ ነገር ግን በዓለም ላይ የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ በእነሱም ቤት በሽታው በብዙ ዘመድ ላይ የሚደጋገም ነው። በእናንተ ቤት አንድ ልጅ ነው የታመመው። ቡዳም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም፣ ከሰው ሰው የሚተላለፍም አይደለም፤ ወንድሙ ከአንድ ማዕድ ይብላ። በሆድሽ ያለው ልጅ ይህ በሽታ ይይዘው ይሆን ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። እንዲህ ያለው ስጋት በቁም ነገር የሚታየው አንድ የእንግዴ ልጅ በሚጋሩ ተመሳሳይ መንትዮች ላይ ነው።

እስቲ ደግሞ ስለዚያ መርፌ እናውራ፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ልባችንን የነካው እሱ ነው። ምን እንደተወጋ አልጻፍሽም። ሰፈር ውስጥ ለቁርጥማትም ለእብጠትም የሚወጋው ዴክሳሜታዞን ወይም በኪኒን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ግን ሉኪሚያንም ለጊዜው የሚመታ መድኃኒት ነው። ለዚህም ነው ሐኪሞቹ በሕክምናው ውስጥ የሚጠቀሙበት። ብቻውን፣ ሳይመረመር ሲሰጥ ግን ልጁ ይሻለዋል፣ በሽታው ይደበቃል፣ ምርመራውም ይዛባል። ልጁ ቦረቀ፣ ጊዜ ባከነ። ስለዚህ ሌሎች ወላጆችም ልብ በሉ፦ ትኩሳቱ የተመላለሰ፣ የገረጣ፣ አጥንቱን የሚያመው ወይም የሚደማ ልጅ ካላችሁ ከመርፌው በፊት የደም ቆጠራ ይደረግለት። ሲቢሲ ይሉታል፤ በሆስፒታሎቻችን ያለ ምርመራ ነው። ደግሞም ለወባ ጣቱን የተወጋባት ያቺው ስስ የደም ጠብታ በጠርሙሷ ላይ ነጭ ሕዋሳቱንም ታሳያለች። የወባ ተባይ ሲታጣ «ነጩስ እንዴት ነው?» ብሎ ባለሙያውን መጠየቅ ነውር የለውም። እንጥል ማስቆረጥ፣ ዋግምት፣ ጥርስ መንቀል በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ ከባድ አደጋ ነው። ደሙ አይረጋማ!

አንተም ወንድማችን፣ ሚስትህ ይህን ታንብብልህ። የላሟ ነገር ቀላል አይደለም፤ ከቀልድ አንቆጥረውም። ልጁ ሲሮጥ ስታየው ድኗል ማለትህም የአባት ነው። ነገር ግን አራት ወር የታከመ ልጅ ደሙ በማይክሮስኮፕ ጥሩ ሆኖ ሲታይ እንኳ የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት በቢሊዮን ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሕክምናው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚፈጀው ለዚህ ነው። አሁን ካቆመ በሽታው እንደሚመለስ ቁጠረው፤ ሲመለስ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን መድኃኒቶች ለምዶ ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ይህ በሽታ ከያዛቸው ልጆች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ይድናሉ። በእኛ አገር ውጤቱ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፤ ዘግይቶ መምጣትና ጀምሮ ማቆም ከዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸው። መድኃኒት መጥፋቱም አለ፤ እሱ ግን በአንተ እጅ አይደለም።

ለወጪው ጥቂት መላ አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ካላችሁ ሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ጀምራችሁ በደረጃው አስጽፉ፤ ደረጃ የተዘለለ እንደሆነ መድኑ ላይከፍል ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ማረፊያ ለሌላቸው ታማሚ ልጆችና አስታማሚዎች መጠለያ የሚሰጡ ማኅበራት አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚሁ በደም ካንሰር በአራት ዓመቱ በሞተ ሕፃን ስም ነው። ተስፋ አዲስ የተባለውም የካንሰር ታማሚ ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ነው። ጥቁር አንበሳ ስትደርሱ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋን ጠይቁ። መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በግጭቱና በጦርነቱ ስንቱ መንገደኛ ቀረ! ስለዚህ የዋርዱን ስልክ ያዙ፣ ቤት የሚወሰድ ኪኒን ሲሰጣችሁም ተረፍ አድርጎ እንዲሰጣችሁ ሐኪሙን ለምኑ።

ቤት ውስጥ ሳላችሁ ልጁ ካተኮሰው «ይደር» የለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ወተቱ የግመልም ይሁን የላም ይፈላ። ዱአውም ጸሎቱም ይቀጥል፤ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም። የሚጠጣ ቅጠልና ሥር ግን ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጠው። የባህል መድኃኒት ንቀን አይደለም፤ ልጁ የሚወጋው ቪንክሪስቲን ራሱ ከአንድ የማዳጋስካር አበባ የወጣ ነው። ልዩነቱ መጠኑ መለካቱ ላይ ነው። ጉበቱ ደግሞ አሁን በቂ ሥራ አለበት።

ወደፊት ልጁ ቤት የሚወስዳቸው ኪኒኖች ሲጀመሩለት አንዱ፣ መርካፕቶፑሪን የሚባለው፣ በየቀኑ ነው። ሌላው ሜቶትሬክሴት ግን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ተሳስቶ በየቀኑ የተሰጠ እንደሆነ ይገድላል። ቀኑ እንዳይምታታ ሐኪሙን አስፈቅደሽ እሁድን ያዢ፤ ሰንበቴ ላይ የገበያን ቀን የሚረሳ የለም። አንቺ ግን እርጉዝ ነሽና ኪኒኖቹን በባዶ እጅሽ አትንኪ፣ አትሰባብሪ፤ ሽንቱንና ትውከቱንም ያለ ጓንት አትጥረጊ። ይህን ሥራ አማትሽ ይያዙልሽ። ጓንት ግዢላቸው፣ ከጨረሱ በኋላም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ የሰጡበትን እሁድ በካላንደሩ ላይ ያክብቡት።