ከጠመኔ ስባሪ የሚሠራ የቤት ዕቃ ቀለም

በየመማሪያ ክፍሉ ከጥቁር ሰሌዳ ሥር ተጠርጎ የሚጣለው የጠመኔ ስባሪ ለምን ሊጠቅም ይችላል? አንዱ መልስ አሮጌ ወንበርና ጠረጴዛ ማደስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር አኒ ስሎን የተባለች የቀለም ባለሙያ፣ ሲደርቅ የማያብለጨልጭና እንደ ጠመኔ ለስላሳ የሆነ የቤት ዕቃ ቀለም ሠርታ «የጠመኔ ቀለም» ብላ ሰየመችው። ተቀራራቢ ውጤት የሚሰጥ ቀለም ግን ከተራ ፕላስቲክ ቀለምና ከነጭ ዱቄት በቤት ውስጥ በአነስተኛ ወጪ ሊዘጋጅ ይችላል።

ለመሆኑ ዱቄቱ ምን ይሠራል? በተራ ቀለም ውስጥ ያለው አጣባቂ ሲደርቅ የቀለሙን ቅንጣቶች ሸፍኖ ልሙጥ ገጽ ይፈጥራል፤ ልሙጥ ገጽ ደግሞ ብርሃንን እንደ መስታወት ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሳል። ዱቄት ሲጨመር ቅንጣቶቹ ከገጹ ብቅ ብቅ ስለሚሉ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ይበተናል። ከዚህም ሌላ በቅንጣቶቹ መካከል ጥቃቅን የአየር ክፍተቶች ይፈጠራሉ። የካልሲየም ካርቦኔት የብርሃን ስብረት ጠቋሚ 1.6፣ የአጣባቂው 1.5፣ የአየር 1.0 ገደማ ነው። በሁለት ነገሮች ድንበር ላይ ቀጥ ብሎ ከሚያርፍ ብርሃን ተመላሹን ድርሻ ለማግኘት፣ የሁለቱን ጠቋሚዎች ልዩነት ለድምራቸው ማካፈልና ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው። አንባቢው ቢያሰላው በካርቦኔትና በአጣባቂ ድንበር 0.1 በመቶ፣ በካርቦኔትና በአየር ድንበር ግን 5.3 በመቶ ያህል ያገኛል። ልዩነቱ 50 እጥፍ ነው! በእርጥብ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ መጀመሪያ ደብዝዞ ሲደርቅ ፍንትው ብሎ የሚነጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይሁንና አየሩ ሲበዛ ጉዳት አለው። አጣባቂው በቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት ሲያቅተው ቀለሙ በጣት ይለቃል፣ ውኃ ይመጣል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ዱቄት በበዛ ቁጥር ያምራል» የሚለው ምክር የሚረባ አይደለም። ለ3 ኩባያ ቀለም 1 ኩባያ ደረቅ ዱቄት፣ ዱቄቱንም እንደ ቀጭን ሊጥ የሚያደርግ ውኃ ይበቃል።

የዱቄቱ ምርጫ ጥንቃቄ ይሻል። በከረጢት የሚሸጠው ጄሶ በሙቀት ከክሪስታል ውኃው ሦስት አራተኛውን ያጣ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ውኃ ሲያገኝ ያጣውን መልሶ ይወስድና በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ በዚህ የተበጠበጠ ቀለም ጣሳው ውስጥ እንዳለ ሊረጋ ይችላል። ጠመኔ ግን እንዲህ አያደርግም። አንዳንዱ ጠመኔ ከካልሲየም ካርቦኔት፣ አንዳንዱ ከጄሶ ይሠራል፤ የኋለኛውም ቢሆን ገና ሲሠራ ውኃውን ጠጥቶ የጨረሰ በመሆኑ ዳግመኛ አይጠነክርም። ለመለየት የሎሚ ጭማቂ ጠብ ማድረግ ነው። ካርቦኔት ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ አረፋ ይፈጥራል፣ ጄሶ ከሆነ ምንም አይታይም። ኖራ ግን የእነዚህ ምትክ ሊሆን አይገባም። የተጠጣ የኖራ ውኃ ፒኤች 12.4 ያህል ስለሆነ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል።

ስባሪውን በሙቀጫ ሲወቅጡ አቧራው ወደ ሳንባ እንዳይገባ ውኃ ማርከፍከፍ ይበጃል። ወንፊት የማያስቀረውን ሻካራ ቅንጣት የሚለይልን የስቶክስ ሕግ ነው፤ በፈሳሽ ውስጥ የምትሰምጥ ቅንጣት ፍጥነት ከዲያሜትሯ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። 40 ማይክሮሜትር ስፋት ያላት የጄሶ ቅንጣት 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ውኃ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ተኩል፣ የ20 ማይክሮሜትሯ ግን 6 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ስለሆነም ዱቄቱን በውኃ አማስሎ አንድ ደቂቃ ተኩል ቆይቶ ወተት መሳዩን ፈሳሽ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥና ሌሊቱን ማሳደር ነው። ከሥር የሚዘቅጠው የላመ ዱቄት ደርቆ ይሰፈራል።

ዕቃው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የቀድሞው ቀለም ዕድሜ ሊታሰብበት ይገባል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገኘውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም የገደበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ደርቆ መፈግፈጉ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ አቧራ በቤት ውስጥ መበተን ይሆናል። አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበትን ዕቃ እንዲያውም ባይነኩት ይመረጣል። ያልተቀባ እንጨት ወይም አዲስ ጣውላ ከዚህ ስጋት ነፃ ነው።

ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ ቀብቶ ካደረቁ በኋላ የአየር ክፍተቶቹን ከእድፍ የሚከላከል ሰም ያስፈልጋል። 1 እጅ ንጹሕ የንብ ሰም ከ3 እጅ የተልባ ዘይት ጋር፣ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ይቀልጣል። ሰም በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ አያሻም። የተልባ ዘይት ቀስ ብሎ የሚደርቅና ነጭ ቀለምን በጊዜ ብዛት ወደ ቢጫ የሚያደላ በመሆኑ ለደማቅ ቀለሞች ይሻላል። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደና ሙቀት እየለቀቀ ነው፤ ተጨማዶ የተጣለ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ሥራው እንዳለቀ ጨርቁን ደጅ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል።