ስለ አሪንቶ ወይንና በስሙ ስለሚመጣው ስሕተት

የፖርቱጋል የወይን ጠጅ ሲነሣ የነጋዴው ሐሳብ ዘወትር የሚያመራው ወደ ፖርቶና ወደ ማዴይራ ነው። ከሊዝቦን ከተማ በስተ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከቡሴላስ የሚወጣውን ነጭ የወይን ጠጅ ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ጠጅ በብዛት የሚጠመቀው አሪንቶ ከተባለው የወይን ዓይነት ነው።

የአሪንቶ ዋና ጠባይ በሞቃት አገር ሲበስል እንኳ ኮምጣጣነቱን አለመልቀቁ ነው። ብዙዎቹ ነጭ ወይኖች ፀሐይ ሲበረታባቸው ስኳራቸው እየጨመረ አሲዳቸው ስለሚቀንስ ጠጃቸው የለዘዘ ይሆናል፤ አሪንቶ ግን የሎሚና የአረንጓዴ ፖም ጣዕም እንደ ያዘ ይቈያል። ስለዚህም ጠማቂዎች የላላውን ጠጅ ለማንቃት ይቀላቅሉታል። በደንብ የተሠራው በጠርሙስ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ ይህም ዕቃው በመጋዘን ለሚዘገይበት ነጋዴ ቀላል ጥቅም አይደለም።

በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች የቡሴላስን ጠጅ «የፖርቱጋል ሆክ» ይሉት ነበር፤ ሆክ ማለት ለጀርመን የራይን ነጭ ጠጅ የሰጡት ስም ነው። ወረዳው በሕግ የተከለለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. ሲሆን፥ በደንቡ መሠረት ከጠጁ ከመቶ 75 እጅ የማያንሰው አሪንቶ መሆን አለበት። ከሚቀላቀሉት አንዱ «ውሻ አናቂ» የሚል ትርጉም ያለው ኢሽጋና ካዎ ነው። ይኸው ወይን በማዴይራ ሰርሲያል ይባላል፤ ለገበያ የሚስማማውም ይህኛው ስም መሆኑ ግልጽ ነው።

ለአስመጪ የሚያስቸግረው ግን የአሪንቶ የራሱ ስም ነው። በሰሜን፥ በቪኞ ቬርድ አገር፥ ይህ ወይን ፔደርናን እየተባለ ይሸጣል። በአንጻሩ «የዳዎ አሪንቶ» የሚባለው ማልቫዚያ ፊና የተባለ ሌላ ወይን ነው፤ «የአሶሬስ አሪንቶ» የሚባለውም በደሴቶቹ ላይ የሚበቅል፥ ዘሩ የተለየ ወይን ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ አሪንቶ ብሎ ብቻ ቢያዝ፥ ደንበኛው ከለመደው የተለየ ጠጅ ሊደርሰው ይችላል፤ ሻጩም አታለለ ለማለት ያስቸግራል።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የአንድ ወይን ስም ብቻ በጠርሙሱ ላይ ሲጻፍ ከመቶ 85 እጅ ከዚያው ወይን መሆን ይገባዋል። ቡሴላስ ተብሎ የተጻፈው ግን በ75ቱ ይጸናል። እንግዲህ በውሉ ላይ የወይኑ ስም፥ የበቀለበት ወረዳ፥ የተለቀመበት ዓመትና የአሪንቶው መጠን ከመቶ ስንት እንደ ሆነ አራቱም ተለይተው መጻፍ አለባቸው፤ ናሙናውም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት መቀመስ ይኖርበታል።