ስፒከሩ ጆሮ የሚወጋው ለምንድን ነው? ቤቱ፣ ዕቃው ወይስ ጆሯችን?



«ዶክተር፣ አዲስ ስፒከር ገዛሁ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ግማሽ ሰዓት ካዳመጥኩ በኋላ ጆሮዬን ይወጋኛል፣ ራሴንም ያመኛል። ችግሩ ከጆሮዬ ነው ከዕቃው?» ይህ ጥያቄ በተለያየ መልኩ ይደርሰኛል። ለኤሌክትሮኒክስ ሱቅ እንጂ ለሐኪም የሚቀርብ አይመስልም አይደል? ሲገባበት ግን ግማሹ የጆሮ ጉዳይ ነው። እኔም ሙዚቃ ስለምወድ ዛሬ ረዘም አድርጌ እጽፍበታለሁ።

«የሚወጋ» የምንለው ሹል ድምፅ ነው። ዘፋኟ «ስ» እና «ሽ» ስትል ፉጨት የሚቀላቀልበት፣ የከበሮው ሳህን ሲመታ ጥርስ የሚያጥረገርግ፣ ቤዙ ደግሞ የሳሳ። ቀጭኑ ድምፅ ከወፍራሙ በልጦ ሲወጣ ማለት ነው።

ጆሯችን ሁሉንም ድምፅ እኩል አይሰማም። ጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ ድረስ ይሰማል፤ በጣም ንቁ የሚሆነው ግን ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርትዝ ባለው ላይ ነው። የጆሯችን ቀዳዳ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ መጨረሻው በታምቡር የተዘጋ ቱቦ ነው። ባዶ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፉት የራሱን ድምፅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ይህም ቱቦ 3,000 ሄርትዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ በራሱ ያጎላዋል። የሕፃን ለቅሶ ችላ ለማለት የሚያስቸግረንም በከፊል ለዚህ ነው። ስፒከራችሁ እዚሁ ሰፈር ላይ ትንሽ ከጨመረ፣ ጆሮ የጨመረውን ደግሞ ጆሮ ይጨምርበታል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቀድሞ የሚያጣው ቤዙን ነው። ስለዚህ ቴፑን ዝቅ አድርገን ስንከፍት ሙዚቃው ይሳሳብናል። «ቤዝ የለውም» ብለን ቮልዩሙን እንጨምራለን። ቤዙ ሲመጣልን ቀጭኑ ድምፅ ከሚገባው በላይ ደርሷል። ብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ ያለው «ላውድነስ» የሚባለው ቁልፍ ለዚህ የተሠራ ነው፤ በዝቅተኛ ድምፅ ስታዳምጡ ቤዙን ይመልስላችኋል። ከፍ አድርጋችሁ ስታዳምጡ ግን አጥፉት።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በእኔ ግምት የብዙዎቻችን ችግር ያለው እዚህ ነው። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ምንድነው? ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ልስን፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ ባለ መስታወት ቡፌ። እነዚህ ሁሉ ቀጭኑን ድምፅ አይውጡትም፣ አንጥረው ይመልሱታል። ሳሎኑ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ በኃይል አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ጥርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ጥፋተኛው ስፒከሩ ብቻ አይደለም። ያው ስፒከር ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ጥሩ የነበረውም፣ ሱቁ እስከ ጣሪያው በካርቶን ስለታጨቀ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በስፒከሩና በመቀመጫችሁ መካከል ወፈር ያለ ምንጣፍ አንጥፉ። መስኮቱ ላይ ስስ ሻሽ ብቻ ካለ ከባድ መጋረጃ ጨምሩበት፤ ሽብሽብ ብሎ ሲሰቀል የበለጠ ይውጣል። ለጎን ግድግዳው ደግሞ አንድ የቆየች ብልሃት አለች። እናንተ በምታዳምጡበት ቦታ ተቀመጡ፤ ሌላ ሰው መስታወት ይዞ ግድግዳውን ታክኮ ይራመድ። በመስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታያችሁበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሯችሁ የሚመጣበት ነው። ለሙከራ ያህል እዚያ ላይ የታጠፈ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉና አዳምጡ። ለውጥ ካመጣ ያን ጊዜ የሚያምር ነገር ግዙ። (ጋቢው ቤዙን ግን አያስቆመውም። የ50 ሄርትዝ ድምፅ አንድ ሞገድ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችሁ ምስክር ነው።)

ቀጥሎ አቀማመጡ። ስፒከሩ ላይ ያለችው ትንሿ ክብ፣ ትዊተር የምትባለው፣ ድምፅዋን የምትልከው እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት አጥብባ ነው። በቀጥታ ጆሯችሁ ላይ ካነጣጠረች ትወጋለች። ስፒከሮቹን ትንሽ ዞር አድርጋችሁ ወደ እናንተ ሳይሆን ቀጥታ ወደ ክፍሉ እንዲያዩ አድርጓቸው። ይህ ነጻ ነው፤ ከሁሉም በፊት ሞክሩት።

ከዚያ በኋላ ትሬብሉን ቀንሱ፤ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ይበቃል። ኢኳላይዘር ካለው ከ3,000 እስከ 5,000 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ዝቅ አድርጉ። «ሮክ»፣ «ቮካል»፣ «ክሊር ቮይስ» የሚሉት የተዘጋጁ ምርጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚጨምሩ አጥፏቸው። ከቀነሳችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ታገሱ። መጀመሪያ ላይ «ታፈነ» ይመስላችኋል፣ ከዚያ ጆሮ ይለምደዋል። ትንንሽ የብሉቱዝ ስፒከሮችን እስከ መጨረሻው ጠርቅሞ መክፈትም ሌላ ጣጣ ነው። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ ሲያልፍ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ሞገድ በቅጂው ላይ ያልነበረ ሻካራ ድምፅ ይፈጥራል። ውድ ኬብል ግዙ ለሚላችሁ ሰው ግን ገንዘባችሁን አትስጡ፤ መጋረጃ ግዙበት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ካልለቀቃችሁ፣ ወይም ሌላው ቤተሰብ ምንም ሳይሰማው እናንተን ብቻ ከወጋችሁ፣ ያን ጊዜ ጉዳዩ የእኔ ነው።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል (እንዳይታወቁ ታሪካቸውን ቀየር አድርጌዋለሁ)። ስድሳዎቹን ጀምረዋል፤ ብዙ ዓመት ብረት ሥራ ቤት ውስጥ ሠርተዋል። ልጆቻቸው ለበዓል ጥሩ ቴፕ ገዙላቸው። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ይሄ ነገር ድምፅ ሳይሆን መርፌ ነው» አሉኝ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ተበሳጭታለች፦ «ዶክተር፣ አባዬ ሲፈልግ ብቻ ነው የሚሰማው። ስናወራው አይሰማም፣ ሙዚቃ ስንከፍት ጮኸብኝ ይላል። በዓል ሲሆን መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል።» አባትየው መልስ አልሰጡም፤ መሬት መሬት ነው የሚያዩት።

ቤተሰቡ ግትርነት ያለው ነገር በሽታ ነበር። ኮክሊያ በሚባለው የውስጥ ጆሮ ክፍል 15,000 ገደማ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉ። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት መግቢያው አካባቢ ያሉት ሲሆኑ፣ በዕድሜም በጩኸትም ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው፤ ከሞቱ አይተኩም። ሲጎዱ ዝቅ ያለ ድምፅ አይሰማም፤ ከፍ ሲል ግን ቀስ ብሎ በመጨመር ፈንታ ድንገት ዘሎ ጩኸት ይሆናል። በማይሰማውና በሚያመው መካከል ያለው ቦታ ይጠብባል። «አይሰማኝም፣ ጮክ በል!» ያለው ሰው ትንሽ ቆይቶ «ምን ያስጮህሃል?» የሚለው ለዚህ ነው። ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ላክኋቸው። የመስማት ምርመራው 4,000 ሄርትዝ ላይ ጉድጓድ የመሰለ መስመር አሳየ፤ ጩኸት ውስጥ በሠራ ሰው ላይ በብዛት የምናየው ምልክት ነው። አሁን ዝቅ ያለውን የሚያጎላ፣ ከፍ ያለውን የሚገድብ የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ። ውጤቱን ለልጅየዋ ሳስረዳት «አባዬ፣ ለምን አልነገርከንም?» ብላ አለቀሰች። እሳቸውስ በምን ያውቃሉ?

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ሚግሬን ያለበት ሰው ሕመሙ ሲነሳ ድምፅ አይችልም። ብዙ የቆየ ኩክ በቅርቡ ያስወጣችሁ ከሆነ ለጥቂት ቀን ሁሉ ነገር ይጮህባችኋል፤ አያስፈራም። ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም ደግሞ የፊት ነርቭ የጆሮ ውስጥ ትንሿን ጡንቻ ስለሚያዝዝ፣ በዚያው በኩል ድምፅ ሊወጋ ይችላል። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም ጆሮ ይጎዳሉ፤ እየወሰዳችሁ ጆሯችሁ ጭው ማለት ከጀመረ ያዘዘላችሁን ሐኪም ወዲያው አናግሩ፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። 90 ዴሲቤል ከደረሰ 4 ሰዓት፣ 100 ከደረሰ 20 ደቂቃ ብቻ፤ በቀን ሳይሆን በሳምንት። የስልክ መለኪያ አፖች ፍጹም ባይሆኑም ለግምት ይረዳሉ። ማስታወስ ያለባችሁ ትሬብል መቀነስ መውጋቱን እንጂ የጩኸቱን ጉዳት እንደማያስቀር ነው። እንዲያውም ድምፁ ሲለሰልስ ቮልዩም መጨመር ያምረናል።

ጥጥ ወይም የጆሮ መድፈኛ አድርጋችሁ ቤት ውስጥ አትዋሉ። ጆሮ ጸጥታ ሲለምድ ለተራ ድምፅ የባሰ ይቆጣል። መድፈኛ ለወፍጮ ቤት፣ ለግንባታ ቦታና ለሠርግ አዳራሽ ነው።

አንድ ጆሮ ብቻ በሰዓታት ወይም በ3 ቀን ውስጥ ድንገት ከደከመ ወይም ከጠፋ ግን ስፒከር አታስተካክሉ፣ ቀጠሮም አትጠብቁ። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ሕክምናው የተሻለ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።