በሩ ሲዘጋ ሥራው የታየ ቤት

በቺካጎ ከተማ፣ ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ በነጭ እብነ በረድ የተሠራ ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ አለ። ሼድ አኳሪየም ይባላል። በውስጡ ወደ 32,000 የሚጠጉ እንስሳት ይኖራሉ፤ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች፣ ሻርኮች፣ ፔንግዊኖች፣ ነጫጭ ቤሉጋ ዓሣ ነባሪዎች። በደህናው ጊዜ በዓመት ወደ 2 ሚሊዮን ሰው ይጎበኘዋል። በማርች 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን በየቤቱ ሲያስቀምጥ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህ ቤትም ደጁን ዘጋ።

በሩ በተዘጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ከዚያው ቤት የወጣ አጭር ቪዲዮ ዓለምን አዳረሰ። ዌሊንግተን የሚባል ፔንግዊን ጎብኚ በሌለበት አዳራሽ በእግሩ ይዘዋወራል። ከአማዞን ወንዝ ዓሦች ፊት ሲደርስ ይቆማል፤ አንገቱን አስግጎ በመስታወቱ ውስጥ ያያቸዋል። ሚሊዮኖች አዩት። በዚያ የጭንቅ ሰሞን ብዙ ሰው ፈገግ ያሰኘው ይህ ፔንግዊን ነው።

ቪዲዮውን ለመዝናኛ ብቻ አይቶ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ትልቅ ቁም ነገር እንደያዘ አምናለሁ። አኳሪየም ክፍት በሆነ ጊዜ የምናየው መስታወቱንና ከመስታወቱ ጀርባ የሚዋኘውን ነው። ሲዘጋ የታየን ደግሞ እንስሳቱን በሕይወት የሚያቆየው የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። ሼድን ለማስተዋወቅ ከእነዚያ የተዘጋባቸው ወራት የተሻለ መግቢያ የለም።

ባሕር በባቡር

ጆን ሼድ በ1872 በኋላ ማርሻል ፊልድ በተባለው የቺካጎ ትልቅ መደብር የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እያደገ በ1906 የድርጅቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። በስተርጅናው ለከተማዋ አኳሪየም ማሠሪያ 3 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ግንባታው ሳይጀመር በ1926 ሞተ፤ ሕንፃው ለሕዝብ የተከፈተው በ1930 ነው።

ቺካጎ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ሚሺጋን ሐይቅ ዳርቻው እስከማይታይ ቢሰፋም ውኃው ጨው የለውም፤ የባሕር ዓሣ ቢገባበት አይቆይም። ስለዚህ ባሕሩን ራሱን ማምጣት ግድ ሆነ። ከፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኪ ዌስት፣ 1 ሚሊዮን ጋሎን ወይም ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ የባሕር ውኃ በባቡር ታንከር እየተጫነ መጣ። አኳሪየሙ እንስሳቱን የሚያጓጉዝበት ኖቲለስ የተባለ የራሱ የባቡር ፉርጎም ነበረው። ዛሬ ያ ሁሉ መመላለስ ቀርቷል። ንጹሕ ውኃ ከተመጠነ የባሕር ጨው ጋር ይቀላቀልና እዚያው ቤት ውስጥ ባሕር ይሠራል።

ከቤቱ ነዋሪዎች መካከል ስሙ ለትውልድ የተረፈው ግራንድዳድ የተባለው ሳንባ ያለው ዓሣ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው በ1933 ሲሆን በዚያው ቤት ከ80 ዓመት በላይ ኖሮ በ2017 ሞተ። በልጅነቱ ያየው ሰው አድጎ ልጁን፣ አርጅቶም የልጅ ልጁን ይዞ መጥቶ ያንኑ ዓሣ ሊያሳይ ይችል ነበር። የዚህ ዓሣ ዘመዶች በአፍሪካ ውኃዎችም አሉ፤ አንዱ በእኛው በባሮ ወንዝ አካባቢ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ፍጡር ለሰማንያ ዓመት ጤነኛ አድርጎ ማኖር በአንድ ሰው ጉብዝና አይሆንም። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንድም ቀን ሳይቋረጥ መቆየት አለበት።

የማይዘጋው ሥራ

ሱቅ ሲዘጋ መብራቱ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሆኖ ባለቤቱን ይጠብቃል። አኳሪየም እንዲህ አይዘጋም። ምክንያቱን ለመረዳት ከውኃው መጀመር ይበጃል።

ዓሣ ሲተነፍስም ሲጸዳዳም ወደ ውኃው አሞኒያ ይለቃል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በወንዝና በባሕር ውኃው ብዙ ስለሆነ ይበተናል፤ በገንዳ ውስጥ ግን ይከማቻል። ስለዚህ በማጣሪያዎቹ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች እንዲራቡ ይደረጋል። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚቀንስ ናይትሬት ያደርሰዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን ያለው ውኃ ሳያቋርጥ እንዲፈስባቸው ይሻሉ። ፓምፑ ለሰዓታት ቢቆም ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ፤ ዓሦቹም ይከተላሉ። ስለዚህ ወረርሽኝ ይምጣ በረዶ ይዝነብ፣ ፓምፑን የሚያዳምጥ፣ የውኃውን ሙቀትና ጨው የሚለካ ሰው ሌሊትም ቀንም መኖር አለበት።

የመኖው ሥራ ከዚህ አይተናነስም። ፔንግዊኖችን ብቻ እንመልከት። ተንከባካቢዋ ዓሣ የሞላ ባልዲ ይዛ ትገባለች፤ ወፎቹ ይከቧታል። እያንዳንዱ ወፍ በክንፉ ላይ ባለ ቀለም መለያ ስላለው ማን ማን እንደሆነ ታውቃለች። ዓሣውን በእጇ ታቀብላለች፤ ወፉ እሾሁና ቅርፊቱ ጉሮሮውን እንዳይቧጭረው በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል። ቪታሚን የሚያስፈልገው ካለ እንክብሉ በዓሣው ስንጥብ ውስጥ ተሸጉጦ ይሰጠዋል። ማን ስንት ዓሣ እንደበላ ይመዘገባል። ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ በዱር ደካማ መስሎ መታየት ለአዳኝ መጋለጥ ነውና። ስለዚህ ትናንት በደንብ የበላ ፔንግዊን ዛሬ ዓሣውን ተቀብሎ ከጣለው፣ ሌላ ምልክት ሳይታይበት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሬው የሚደርሰው በዚያች መዝገብ ነው።

ይህ ሥራ ከቤት ሆኖ የሚሠራ አይደለም። በዚያ ሰሞን የቢሮ ሰው ሁሉ ላፕቶፑን ይዞ ቤቱ ሲከተት፣ መጋቢዎቹና ሐኪሞቹ፣ ውኃውንም የሚጠብቁት ባለሙያዎች ጭምብላቸውን አጥልቀው በየማለዳው ወደ ሥራ ይገቡ ነበር።

ፔንግዊኑ ጎብኚ ሲሆን

ዌሊንግተን ሮክሆፐር ከሚባለው የፔንግዊን ዓይነት ነው። ዓይኑ ቀይ፣ ከቅንድቡ ላይ ቢጫ ላባ የተዘናፈለ፣ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ። ይህ ዓይነት በዱር፣ በደቡብ አሜሪካ ጫፍና በፎክላንድ ደሴቶች ገደላማ ዳርቻ፣ ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ አድርጎ ከዓለት ዓለት እየዘለለ ይወጣል። ዌሊንግተን በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከ30 ዓመት አልፎ ነበር፤ ለዓይነቱ የሽማግሌ ዕድሜ ነው። ከእርሱ ሌላ ኤድዋርድና አኒ የሚባሉ ጥንዶች በመካከለኛው አዳራሽ ሲንሸራሸሩ ታይተዋል። ሌሎች ደግሞ፣ ማጄላን የሚባለው ዓይነት ፔንግዊኖች፣ ቤሉጋዎቹ ወዳሉበት ገንዳ ተወሰዱ። ቤሉጋ የሰሜን ዋልታ ባሕር ነዋሪ ነው፤ ፔንግዊኑ የደቡቡ። በተፈጥሮ ፈጽሞ የማይገናኙ ፍጥረታት በመስታወት ግራና ቀኝ ቆመው ተያዩ። ከዚያም አልፎ ፔንግዊኖች ወደ ጎረቤቱ ፊልድ ሙዚየም ተሻግረው የዳይኖሰር አጽም በቆመበት አዳራሽ ተዘዋውረዋል።

ይህ ለካሜራ ተብሎ የታሰበ ትርኢት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ጉዳዩ ግን ሥር አለው። በሰው እጅ የሚኖር እንስሳ አዳኝ አያባርረውም፣ መኖም ፍለጋ አይደክምም። ይህ ምቾት ብቻውን ሲሆን ይጎዳዋል፤ ሥራ የፈታ አእምሮ ይደነዝዛል፣ ያልተንቀሳቀሰ አካልም ይዝላል። ስለዚህ ደህና አኳሪየም ሁሉ ለእንስሳቱ አዲስ ነገር መፍጠርን ከመኖና ከሕክምና እኩል የሚቆጠር ሥራ አድርጎ ይዞታል። አንድ ቀን በረዶ ይሰጣቸዋል፤ ሌላ ቀን መጫወቻ፤ ሌላ ቀን መኖው ተደብቆ ፈልገው እንዲያገኙት ይደረጋል። ጎብኚ ራሱ የዚህ አካል ነው። የሚሯሯጥ ሕፃን፣ ደማቅ ልብስ፣ መስታወት ላይ የተለጠፈ እጅ፣ ይህ ሁሉ ለፔንግዊኑ የቀን ውሎ ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ያ ሁሉ አብሮ ጠፋ። ተንከባካቢዎቹ ባዶውን ሕንፃ ራሱን የመንሸራሸሪያ ቦታ ያደረጉት ይህን ጎዶሎ ለመሙላት ነው። ካሜራው የቀረጸው የተለመደውን የሥራቸውን አንድ ክፍል ነበር።

ሰው የናፈቃቸው ዓሦች

የጎብኚ መጥፋት እንስሳትን እንደሚነካ ከሁሉ በላይ ያሳየው ግን ሌላ ቤት ነው፤ ቶክዮ ውስጥ ያለው ሱሚዳ አኳሪየም። ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። በአንድ ገንዳ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ፣ ጃፓኖች ቺንአናጎ የሚሏቸው እባብ መሰል ቀጫጭን ዓሦች ይኖራሉ። ይህ ዓሣ ጭራውን ወደ አሸዋ ሰርስሮ ቀጥ ያለ ጉድጓድ ይሠራል፤ ጉድጓዱ እንዳይናድም ከሰውነቱ በሚወጣ ዝልግልግ ፈሳሽ ግድግዳውን ያጣብቀዋል። ከዚያ ወገቡን አሸዋ ውስጥ ተክሎ፣ ራሱንና ደረቱን ብቻ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ፍሰቱ አዙሮ ውኃው ያመጣለትን ረቂቅ ምግብ ይለቅማል። እጅግ ፈሪ ነው፤ ጥላ ካየ ወዲያው ይሰወራል።

የሱሚዳዎቹ ግን ሰው ለምደው ነበር። ቤቱ በተዘጋ ጊዜ ያን ልምድ ረሱት። ተንከባካቢ ባለፈ ቁጥር ሁሉም አሸዋ ውስጥ ይሰምጡ ጀመር። ይህ ከባድ ችግር ነበር፤ ያልታየ ዓሣ መታመሙም መክሳቱም አይታወቅም። ስለዚህ አኳሪየሙ ሕዝቡን እርዳታ ጠየቀ። ከሜይ 3 እስከ 5፣ በጃፓኖች የበዓል ሳምንት፣ አምስት ታብሌቶች በገንዳው ፊት ተደረደሩ። ሰዎች ከየቤታቸው በቪዲዮ እየደወሉ ለዓሦቹ ፊታቸውን እንዲያሳዩ፣ እጃቸውን እንዲያወዛውዙ፣ በለሆሳስ እንዲያናግሯቸው፣ ድምፃቸውን ግን ከፍ እንዳያደርጉ ተጋበዙ። በቺካጎ እንስሳቱ በስክሪን ወደ ሰው ሄዱ፤ በቶክዮ ሰው በስክሪን ወደ እንስሳቱ መጣ።

ከዚያ ወራት የሚተርፈን

ሼድ በጁላይ 2020 የጎብኚውን ቁጥር ወስኖ ተከፈተ፤ በኖቬምበር እንደገና ተዘጋ፤ በጃንዋሪ 2021 መጨረሻ ዳግም ተከፈተ። የአኳሪየም ገቢ በአብዛኛው ከመግቢያ ትኬት የሚገኝ ነው። ሰው ሲቀር ገቢው ይቆማል፤ ፓምፑ፣ መኖውና መድኃኒቱ ግን ያንኑ ገንዘብ ይበላሉ። በዚያ ጊዜ በየአገሩ ያሉ አኳሪየሞች ሁሉ የቀመሱት መከራ ይህ ነው። ያም ሆኖ ብዙዎቹ ቪዲዮዎቻቸውን በነፃ ለቀቁ። ቤት ለተዘጋበት ልጅ፣ ለብቻው ለቀረ አዛውንት፣ ከሰው ሌላ ፍጡር የሚያይበት መስኮት ሆነለት።

ስክሪን የገንዳውን ስፋት፣ የውኃውን ሽታና የወፎቹን ጩኸት አያመጣም፤ በአካል መሄድን አይተካም። ነገር ግን በአካል ስንሄድ የማናየውን አሳይቷል። ፔንግዊን ስም፣ ዕድሜ፣ ጠባይና የሚያውቀው ተንከባካቢ እንዳለው ብዙ ሰው የተረዳው ያኔ ነው። ስሙን ያወቅነው እንስሳ ደግሞ ወገኑ በዱር ሲያልቅ ዝም ብለን አናይም። የዌሊንግተን ወገኖች የሆኑት የደቡብ ሮክሆፐሮች ዛሬ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ስለዚህ በወረርሽኙ ጊዜ የታየው ግልጽነት ከወረርሽኙ ጋር ማለፍ የለበትም ባይ ነኝ። አኳሪየም ትኬት ሲሸጥም የማጣሪያ ክፍሉን፣ የመኖ ባልዲውንና የሐኪሙን ጠረጴዛ ለሕዝብ ማሳየት ይገባዋል። እኛም ቺካጎ ይሁን ቶክዮ ወይም ሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት ስንገባ፣ ከመስታወቱ ፊት ፎቶ ተነሥቶ ከመውጣት ይልቅ መኖ የሚሰጥበትን ሰዓት ጠይቀን እንቆይ፤ ባልዲ የያዘውን ሠራተኛ ስለ ሥራው እንጠይቀው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያስደስተው ሠራተኛ በሞላበት ቤት እንስሳቱ በደህና እጅ ላይ ናቸው።