የካርታ ሥራ የምስክር ወረቀት፤ ወጪውና ገቢው

ቡና ወደ አውሮጳ የሚልክ ነጋዴ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ደረጃው፣ ስለ እርጥበቱና ስለ ጆንያው ብዛት ነበር። አሁን ግን ቡናው የበቀለበት ማሳ በምድር ገጽ ላይ የት እንደሚገኝ በቍጥር እንዲያስረዳ ይፈለግበታል። የአውሮጳ ኅብረት ግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ያወጣው ሕግ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ፣ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዙሪያውን በሚያሳይ መስመር እንዲገለጽ ያዛል። ሕጉ የሚሠራበት ቀን ከታኅሣሥ 2017 ወደ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.፣ በዚያው ወር ደግሞ እንደ ገና ለአንድ ዓመት ተላልፏል።

እንዲህ ያለውን መረጃ ሰብስቦና አጣርቶ የሚያቀርብ ሰው የሚያስፈልግ ስለ ሆነ፣ በተለምዶ ጂ.አይ.ኤስ. በሚባለው የጂኦግራፊ መረጃ ሥራ የምስክር ወረቀት የያዘ ወጣት በንግድ ቤቶች ደጅ ቢታይ አያስደንቅም። ልጁን ለዚህ ትምህርት የሚያስገባ አባትም ሆነ ሠራተኛውን ለማስተማር የሚያስብ ነጋዴ፣ ወረቀቱ የሚያስወጣውንና የሚያስገባውን አስቀድሞ መመዘን ይገባዋል።

በመጀመሪያ፣ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። አንደኛው ትምህርት ተከታትሎ ለፈጸመ ሰው የሚሰጥ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅም፣ ዓመት የሚፈጅም አለ። ሌላው የሙያ ማረጋገጫ ነው። ለምሳሌ ጂ.አይ.ኤስ.ፒ. የተባለውን የአሜሪካን የሙያ ማዕርግ ለማግኘት ፈተና ከማለፍ ጋር የ4 ዓመት የሥራ ልምድ ማሳየት ግዴታ ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ገና የወጣ ልጅ ይህን ማዕርግ በገንዘብ ሊያገኘው አይችልም።

ወጪውን በሚመለከት፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ቀድሞ ይታያል እንጂ ሁልጊዜ ከሁሉ የሚከብድ አይደለም። በዶላር የሚከፈለው ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በባንክ ከ58 ብር በታች የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ አስመጪዎች ይህን ስሌት ያለ አስተማሪ ያውቁታል። ከዚህ ሌላ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ የሚማር ሰው ያጣውን ደመወዝ ከክፍያው ጋር ደምሮ መቍጠር አለበት። መሣሪያው ራሱ ግን ብዙ አያስወጣም። አርክ ጂ.አይ.ኤስ. የተባለው ፕሮግራም ፈቃድ የሚከፈልበት ሲሆን፣ ኪው ጂ.አይ.ኤስ. የተባለው ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ለአንድ ላኪ ድርጅት ሥራም ይበቃል።

ጥቅሙን የሚወስነው ወረቀቱ ከምን ሙያ ጋር እንደ ተጣመረ ነው። ካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰው በንግድ ቤት ውስጥ ሥራው ቶሎ ሊያልቅበት ይችላል። ቡናን የሚያውቅ፣ ከገበሬና ከአቅራቢ ጋር ተነጋግሮ የሚግባባ፣ መዝገብ መያዝ የለመደ ሠራተኛ ግን በዚህ ላይ የካርታ ትምህርት ቢጨምር በቀላሉ የሚተካ አይሆንም። በዚህም ምክንያት እንግዳ ሰው በወረቀቱ ከመቅጠር ይልቅ ነባሩን የመጋዘን ጸሓፊ ማስተማሩ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ስሕተቱ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ጅማ ከተማ በኬክሮስ 7.67 ሰሜን፣ በኬንትሮስ 36.83 ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ጸሓፊው ሁለቱን ቍጥሮች አዛውሮ ቢጽፍ ነጥቡ በሰሜን አልጄሪያ፣ በአናባ ከተማ አጠገብ ይወድቃል፤ የጅማ ቡናም በወረቀት ላይ የሜዲትራኒያን ቡና ሆኖ ይቀርባል። ይህስ ቶሎ የሚታይ ስሕተት ነው። የሚያስፈራው የማይታየው ነው። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የጂ.ፒ.ኤስ. መሣሪያ የሚሰጠው ቍጥር ደብልዩ.ጂ.ኤስ. 84 በተባለው መነሻ ነው። ሁለቱ ሳይታረቁ ቢደባለቁ ነጥቡ 200 ሜትር ያኽል ከቦታው ይሸሻል። ማሳው አነስተኛ ለሆነ ገበሬ 200 ሜትር ማለት የጎረቤት መሬት፣ ምናልባትም ጥብቅ ደን ማለት ነው፤ ንጹሕ ቡና ከደን ምንጣሮ የተገኘ መስሎ ሊከለከል ይችላል።

እንግዲህ ቀጣሪው ወረቀቱን ከማየቱ ጋር የግማሽ ቀን ሥራ ሰጥቶ ቢፈትን ይጠቀማል። ከነዚህ ስሕተቶች ሁለቱን ሆን ብሎ የጨመረበትን የሃያ ገበሬዎች ዝርዝር ሰጥቶ፣ አመልካቹ ያገኛቸው እንደ ሆነ መመልከት ነው። ያላገኘው ሰው የያዘው ወረቀት የክፍያ ደረሰኝ ያኽል ነው።

ባለሱቆች ከዚህ ትምህርት የሚያገኙት ጥቂት ነው። ዕቃ በከተማ ውስጥ የሚያከፋፍል ሰው መንገዱን በስልኩ ካርታ ያገኘዋል።

ለሠራተኛው የትምህርቱን ክፍያ የሚከፍል ነጋዴ አስቀድሞ ውል ቢዋዋል መልካም ነው። በውሉም ሠራተኛው ከትምህርቱ በኋላ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል፣ ቢለቅ ከክፍያው ስንቱን እንደሚመልስ፣ የማሳዎቹ መረጃም በሠራተኛው ስልክ ሳይሆን በድርጅቱ መዝገብና በሁለተኛ ግልባጭ እንደሚቀመጥ ይጻፍ።